«15 ጊዜ ወይስ 16?» ኤፍቢአይ ማሪዋና ያጨሰ አመልካች ላይ ሐሳቡን የቀየረበት ጉዳይ

ልጁ 24 ዓመቱ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሯል፣ ሁለት ዓመት ሠርቷል፣ የተወለደውም እዚሁ አሜሪካ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እናቱ ሳሎን ውስጥ፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ኤፍቢአይ፣ የአሜሪካው የፌደራል ምርመራ ቢሮ፣ መግባት ይፈልጋል። የቤተሰቡን ወረቀት ሁሉ ሳግዝ ስለኖርኩ እኔን ጠሩኝ።

«ጋሼ፣ ይቺን ጥያቄ እያት» አለኝ።

ስታንዳርድ ፎርም 86 የሚባለውን አውርዶታል። ለምስጢር ሥራ የሚታጭ ሰው ሁሉ የሚሞላው ቅጽ ነው፣ ከ100 ገጽ በላይ። ጣቱ ያረፈው ክፍል 23 ላይ ነው። ባለፉት ሰባት ዓመታት አደንዛዥ ዕፅ ተጠቅመህ ታውቃለህ ወይ ይላል። አዎ ካልክ የትኛውን፣ መጀመሪያ መቼ፣ መጨረሻ መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ ደግሞስ ወደፊት ታስባለህ ወይ ይላል።

እናቱ ከኩሽና ሰሙ። «የለም በላ! ማን አየህ?» አሉ።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የእሳቸው ቃል ነው። ከክፋት አልነበረም። ልጃቸውን ማዳናቸው ነበር። የብዙዎቻችን ወላጆች ምክርም ይኸው ነው። ግን ኤፍቢአይ በዚህ ጉዳይ የሄደበትን መንገድ ላየ ሰው፣ ልጁን የሚጥለው ያጨሰው ሳይሆን «የለም» የሚለው መልስ ነው። ታሪኩን ከመነሻው ልንገራችሁ። ቀኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

እስከ 2007 መጀመሪያ ድረስ የቢሮው ደንብ በቁጥር የታሰረ ነበር። ማሪዋና በዕድሜው ሙሉ ከ15 ጊዜ በላይ ያጨሰ ሰው አይገባም። ሌላ ሕገ ወጥ ዕፅ ደግሞ ከአምስት ጊዜ በላይ ከሆነ በሩ ተዘጋ።

እስቲ አስቡት። 19 ዓመትህ ሳለ ዶርም ውስጥ ስንቴ እንደሳብክ የሚቆጥር ማን አለ? አንዱ ጥቅል አምስት ሰው ጋ ዞሮ አንተ ጋ ሁለቴ ከደረሰ አንድ ጊዜ ነው ወይስ ሁለት? ደግሞ ይህ ሁሉ ፖሊግራፍ በሚባለው የውሸት መመርመሪያ ላይ ይመጣል። ደረትህና ጣትህ ላይ ሽቦ አስረው «ከ15 አይበልጥም?» ሲሉህ፣ ሐቀኛው ሰው ነው የሚደነግጠው። ምናልባት 16 ቢሆንስ? እያለ ያስባልና። ያለ ሐሳብ «12» ብሎ የሚናገረው ሰው ግን ልቡም አይመታም። ቁጥሩ ጥንቁቁን ይቀጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ2007 ጃንዋሪ ቢሮው ቁጥሩን ጣለው። መለኪያው ጊዜ ብቻ ሆነ። ማሪዋና ከሆነ ካመለከትክበት ቀን በፊት ሦስት ዓመት ንጹሕ መሆን አለብህ። ሌላ ዕፅ ከሆነ አሥር ዓመት። ለዚህ ያበቃው የሰው እጥረት ነው። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ተንታኝ፣ የቋንቋ ሰው፣ የኮምፒውተር ሰው በብዛት ይፈለግ ነበር። ብቁ ሆነው የተገኙት ደግሞ አንዱ ሌላውን ተከትሎ በዚህ ቁጥር ይወድቁ ነበር።

ሦስት ዓመት መጠበቅ ጥሩ መፍትሔ ይመስላል። ለ35 ዓመት ሰው ነው። ለ22 ዓመት ልጅ ግን ኮሌጅ የገባበትን ዘመን ሁሉ ይሸፍናል። ነገሩ እንደገና የፈነዳውም እዚህ ላይ ነው።

ሜይ 19 ቀን 2014፣ ሰኞ ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በዚያ ቀን አምስት የቻይና ጦር መኮንኖች ላይ ክስ መሰረተ። የአሜሪካ ኩባንያዎችን ኮምፒውተር ሰብረው ገብተዋል ተብለው ነው። በዚያው ቀን ደግሞ ብላክሼድስ የሚባል ሶፍትዌር ነገር ይፋ ሆነ። የሰውን ኮምፒውተር ከሩቅ ይቆጣጠራል፣ ካሜራውን ሳይቀር ከፍቶ ይሰልላል። በጥቂት አሥር ዶላሮች ይሸጥ ነበር። በተለያዩ አገሮች ከ90 በላይ ሰዎች ተያዙ።

እንግዲህ በዚሁ ቀን የኤፍቢአይ ዳይሬክተር ጄምስ ኮሚ ኒውዮርክ ውስጥ የሕግ ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ተገኝተው ይናገራሉ። ሥልጣን ከያዙ ገና ዓመት አልሞላቸውም። የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያ ዓመት 2,000 ሰው እንዲቀጥሩ ፈቅዶላቸዋል። ከነዚህ ብዙዎቹ በኮምፒውተር የሚፈጸም ወንጀል ላይ እንዲሠሩ ነው የሚፈለጉት። ኮሚም ችግሩን ሳይሸፋፍኑ ተናገሩት። ከነዚህ ወንጀለኞች ጋር የሚወዳደር ጎበዝ ሰው መቅጠር አለብኝ፣ ከልጆቹ አንዳንዶቹ ግን ለቃለ መጠይቅ ሲመጡ እንኳ መንገድ ላይ ማሪዋና ማጨስ ያምራቸዋል አሉ።

ከተሰብሳቢው አንዱ ተነስቶ ጠየቃቸው። ጓደኛዬ ለእናንተ ማመልከት ፈልጎ ነበር፣ በማሪዋናው ምክንያት ተወው አላቸው። ኮሚ ምን አሉ? ያመልክት!

ነገሩ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሁለት ቀን ሳይሞላ፣ ረቡዕ ዕለት፣ ኮሚ የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። የአላባማው ሴናተር ጄፍ ሴሽንስ ያዟቸው። ይህ ንግግርዎ መሪዎች ማሪዋናን እንደ ቀላል ነገር ያዩታል ተብሎ አይተረጎምም ወይ አሏቸው። ኮሚ መለስ አሉ። ቁም ነገርም ቀልድም አንድ ላይ ልናገር ብዬ ነው አሉ። ማሪዋናን ፈጽሞ እንደሚቃወሙ ተናገሩ፣ ክልከላውን እቀይራለሁ አላልኩም አሉ። ወጣቱም ክፍለ ግዛቶቹም ለማሪዋና ያላቸው አመለካከት እየተለወጠ ስለሆነ ጥሩ ሠራተኛ ማግኘት ፈተና ሆኖብናል ያሉትን ግን አልሳቡትም።

እኔ ኮሚ ሰኞ የተናገሩት ትክክል ነበር እላለሁ። ረቡዕ ያፈገፈጉትም ሐሳባቸው ስለተለወጠ ሳይሆን ፖለቲካው ስለከበደ ነው። የሚያሳዝነው ኪሳራው የማን እንደነበረ ነው። ሰኞ ሰምቶ ተስፋ ያደረገ ልጅ ረቡዕ ሰምቶ ማመልከቻውን ዘጋው። ደንቡ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሳይነካ ቆየ።

እነዚያ ሰባት ዓመታት ደግሞ አገሩን ሌላ አገር አደረጉት። ኮሎራዶና ዋሽንግተን ስቴት በ2012 በድምፅ ፈቅደው ነበር። ኮሎራዶ በ2014 የመጀመሪያ ቀን ሱቅ ከፈተች። ወዲህ ወደ እኛው ሰፈር ስንመጣ፣ ዲሲ በፌብሯሪ 2015 ለ21 ዓመትና ከዚያ በላይ ፈቀደች። ቨርጂኒያ በጁላይ 2021፣ ሜሪላንድ በጁላይ 2023 ተከተሉ። ስለዚህ የአሌክሳንድሪያ፣ የሲልቨር ስፕሪንግና የዲሲ ልጆቻችን ያደጉት ማሪዋና የሚፈቀድበት ከተማ ውስጥ ነው።

የፌደራሉ ሕግ ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በ1970 ከወጣበት ቦታ አልተነቃነቀም። ማሪዋናን ከሄሮይን ጋር አንደኛው መደብ ውስጥ፣ ማለትም እጅግ በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፆች ተርታ፣ አስቀምጦት ነበር። የፌደራል ሠራተኛ ዕፅ መጠቀም የለበትም የሚለው ደግሞ ፕሬዚዳንት ሬገን በ1986 የፈረሙት ትእዛዝ ነው። ቅጹም ይህንኑ በግልጽ ይላል። ክፍለ ግዛትህ ቢፈቅድም እኔ የምጠይቅህ በፌደራል ሕግ ነው ይላል።

ይህ ለልጆች የማይገባ ነገር ነውና በእግር የሚታይ ምሳሌ ልስጥ። ዲሲ 16ኛው ጎዳና ላይ፣ ሜሪዲያን ሂል ፓርክ ፊት ለፊት፣ አፓርታማ ያለው ጓደኛ አላችሁ እንበል። ሳሎኑ ውስጥ ቢያጨስ የከተማዋ ፖሊስ አያገባውም። ያንኑ ኪሱ ከቶ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ፓርኩ ቢገባ ግን የረገጠው የፌደራል መሬት ነው። ወንጀል ሠራ። ሮክ ክሪክ ፓርክም እንደዚያው ነው፣ በሰንበት ሥጋ የምንጠብስበት ማለት ነው። በአንድ ከተማ ሁለት ሕግ፣ መሐላቸው ያለው ደግሞ የእግረኛ ማቋረጫ ብቻ።

በማርች 2021 ዋይት ሐውስ ውስጥ ራሱ ነገሩ ፈነዳ። በማሪዋና ታሪክ ምክንያት አምስት ሠራተኞች ከሥራ መውጣታቸውን ቃል አቀባይዋ ተናገሩ። ከሦስት ወር በኋላ፣ በጁን 2021፣ ኤፍቢአይ ደንቡን ቀየረ። ብዙም አልጮኸበትም። ሦስቱ ዓመት አንድ ዓመት ሆነ። አመልካቹ 18 ዓመት ሳይሞላው ያጨሰው ማሪዋና ደግሞ ብቻውን አያስወጣም ተባለ፣ ጠቅላላ ሰውየው ይመዘናል እንጂ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የብሔራዊ የስለላ ዳይሬክተሯ አቭሪል ሄይንስ ለሌሎቹም መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ላኩ። ያለፈ የማሪዋና አጠቃቀም ይታያል፣ ግን ብቻውን አይወስንም የሚል ነው።

ያልተነካውን ደግሞ ልብ በሉ። ከማሪዋና ውጭ ላለ ዕፅ አሥሩ ዓመት እንዳለ ነው። የሸጠ፣ ያከፋፈለ፣ ያመላለሰ አይገባም። ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ሳለ የተጠቀመም እንደዚያው። የሰው ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መዋጥም ይጠየቃል፣ ለፈተና ሲያጠኑ የሚዋዋሷት ክኒን ሳትቀር። ለማሪዋናው አንድ ዓመት ደግሞ አገር አይለይም። አምና ክረምት ሻሸመኔ ለጉብኝት ሄጄ ነው ማለት አያድንም።

እና ውሸት። ስለ ዕፅ ታሪኩ የዋሸ አመልካች በደንቡ ከናካቴው ይወጣል። ለውሸቱ የአንድ ዓመት ወይም የአሥር ዓመት ቆይታ አልተጻፈለትም። ቅጹ ላይ አውቆ መዋሸት ራሱን የቻለ የፌደራል ወንጀል ነው፣ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል።

«ማን አየህ?» ላሉት እናት መልሱ ይኸው ነው። አየን የሚሉት ብዙ ናቸው። መርማሪው የዶርም ጓደኛውን ቤት ድረስ ሄዶ ያንኳኳል። የድሮ አከራዩን፣ የቀድሞ አለቃውን፣ ከዚያ አልፎ እነሱ የጠቆሙትን ሌላ ሰው ያናግራል። ጓደኛው ደግሞ ክፉ አይደለም። «አዎ፣ ሁላችንም አንዳንዴ እናጨስ ነበር» ይላል፣ የሚጎዳው ሳይመስለው። ልጁ «የለም» ብሎ ከነበረ በዚያች ደቂቃ አለቀ። «አዎ፣ መጨረሻ በዚህ ወር» ብሎ ከነበረ ግን ጓደኛው ምስክሩ ሆነለት።

ስለ ጫት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አወዳይ ገበያ ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚሸጥ ነገር ነው። አገራችን ወደ ውጭ ልካ ዶላር ታገኝበታለች። አሜሪካ ግን ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ከ1993 ጀምሮ አንደኛው መደብ ውስጥ አስገብታዋለች። ትኩስ ጫት እዚህ አገር ይዞ መገኘት ያስከስሳል። ስለዚህ አጎቱ ቤት በርጫ ላይ ተቀምጦ የቃመ ልጅ «እሱ እንኳ ባህል ነው» ብሎ በራሱ ፍርድ መዝለል የለበትም። የት አገር፣ በስንት ዓመቱ፣ በዚያ አገር ሕጋዊ እንደነበር ጽፎ ያስረዳ። የቢሮው ሰው ጫትን ላያውቀው ይችላል። የሚያስረዳው አመልካቹ ነው።

አሁን አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። «ሐቁን ጻፍ» የምለው ዜግነት በእጁ ላለ ልጅ ነው። ግሪን ካርድ ለያዘ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ክፍለ ግዛቱ ቢፈቅድም ከማሪዋና ጋር የተያያዘ ነገር የዜግነት ማመልከቻን ሊያስጥል ይችላል። ሳይፈረድብህ፣ አጨስኩ ብለህ ማመንህ ብቻ ሊጎዳህ ይችላል። ስለዚህ ዜጋ ያልሆነ ሰው ስለዚህ ጉዳይ ለማንም ባለሥልጣን ከመናገሩ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ዝም ማለት መብት ነው፣ መዋሸት ግን አይደለም። ኤፍቢአይ የሚቀጥረው ዜጋን ብቻ ስለሆነ ያም ሆነ ይህ ዜግነቱ ይቅደም።

በአዲሱ ደንብ ሙሉ በሙሉ ደስተኛ ነኝ ወይ? አይደለሁም። የኛ ልጆች እዚህ አገር ጥቁር ናቸው። የአሜሪካ የሲቪል ነጻነቶች ኅብረት በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ጥቁርና ነጭ ማሪዋና የሚጠቀሙት በተቀራራቢ መጠን ሆኖ ሳለ፣ ይዘህ ተገኘህ ተብሎ የሚታሰረው ጥቁሩ ወደ አራት እጥፍ ገደማ ነበር። ቅጹ ሁለቱንም ይጠይቃል። ማጨስህን አንድ ቦታ፣ መታሰርህን ሌላ ቦታ። ሁለት ልጆች በአንድ ሌሊት ከአንድ ጥቅል ቢስቡ፣ የአንዱ መኪና ስለተፈተሸ ብቻ እሱ ሁለት ገጽ ይሞላል፣ ሌላው ግማሽ ገጽ። ሦስቱን ዓመት ወደ አንድ ማውረዱ ይህን አያስተካክለውም። ጠቅላላ ሰውየው ይመዘናል ካሉ፣ የመዛኙ ዓይን ይህንን ማየት አለበት። ይህንን ማየት የሚችሉ ሰዎች ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ደግሞ እንደዚህ ልጅ ያሉት ሲገቡ ነው። ላግዘው የመጣሁትም ለዚህ ነው።

ወደ ሳሎኑ ልመለስ። ልጁን መጨረሻ መቼ ነው አልኩት።

«የፈረንጅ አዲስ ዓመት ዋዜማ። ዩ ስትሪት፣ ጓደኛዬ ቤት።»

«ዲሴምበር 31 ነው ወይስ ጃንዋሪ 1?»

ዝም አለ። ስልኩን አወጣ። ፎቶዎቹን እየገፋ ወደ ኋላ ሄደ። በረንዳ ላይ አራት ልጆች፣ ጃኬት ለብሰው፣ አንዱ እጅ ላይ ትንሽ ቀይ ፍም ይታያል። ሰዓቱ 12:40። ከእኩለ ሌሊት በኋላ።

«ጃንዋሪ 1» አለ። ወረቀት ላይ ጻፈው። ስንት ጊዜ የሚለው ጋ ሲደርስ ብዙ አሰበ። የድሮው ደንብ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ነበር የሚወድቀው። አሁን ግን በግምት መሆኑን ገልጾ «በኮሌጅ ዘመን በወር አንዴ ገደማ፣ ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ» ብሎ አስቀመጠው።

እናቱ ቡናውን ይዘው መጡ። አልተቀመጡም። ረከቦቱን አስቀምጠው ከልጁ ጀርባ ቆሙ።

«በገዛ እጁ ወንጀሉን ጽፎ ሊሰጣቸው ነው?» አሉኝ። «እስቲ ንገረው እንጂ ወንድሜ።»

ክፍል 23 ላይ ከጥያቄዎቹ በፊት ያለችውን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ አነበብኩላቸው። በእውነት የሰጠኸው መልስም ሆነ ከመልስህ የተገኘ መረጃ በኋላ በወንጀል ክስ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብብህም ትላለች።

«እንደዚያ ይላል?»

«ይላል።»

«እስቲ ድገምልኝ።»

ደገምኩላቸው። ኩሽናው ግድግዳ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ካላንደር ተሰቅሏል፣ የኛም የፈረንጁም ቀን ያለበት። ሄደው ገልጠው አዩ። መጪው ጃንዋሪ 1 ሲደርስ ዓመት ይሞላዋል። ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው ቆዩ፣ ከዚያ ሳምንት ወደታች ወረዱ።

«ከገና በኋላ ይሁን» አሉ። «እስከዚያ እዚያ ልጅ ቤት አትሄድም።»